የልጅ ልብ በልኩ እያደገ ነው? በአልትራሳውንድ የመለካት አሠራር

አዋቂ ላይ ነገሩ ይቀላል። የልብ ክፍሉ ስፋት ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ ሰፍቷል፣ በታች ከሆነ ደህና ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ልጅ ላይ ግን እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር የለም። የግራው ቬንትሪክል (ደም ወደ ሰውነት የሚገፋው የታችኛው ክፍል) ሞልቶ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለ9 ዓመት ልጅ የተለመደ ነው። አራስ ላይ ያው ቁጥር ቢወጣ ግን ከሚጠበቀው እጥፍ ስለሆነ ሐኪሙን ከወንበሩ ያስነሳዋል።

ስለዚህ የልጅን ልብ ስንለካ ሁለት ነገር ነው የምንለካው፦ ልቡንና ልጁን። ብዙ ጀማሪ ልቡን ተጠንቅቆ ይለካና ልጁን በግምት ያልፈዋል። ከዚያ ውጤቱ ይዛባል፣ ጥፋቱ በማሽኑ ይላከካል።

ይህ መመሪያ የልብ አልትራሳውንድ (በሥራ ቦታ አጠራሩ ኢኮ) መሥራት ለጀመሩ ባለሙያዎች ነው። የልጃቸውን የውጤት ወረቀት ይዘው «ይሄ ዜድ-ስኮር የሚሉት ምንድን ነው?» የሚሉ ወላጆችም መልሱን ያገኙበታል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ልቡ እንዴት ያድጋል?

ማህፀን ውስጥ ሳንባ ገና ሥራ አልጀመረም። ደም የመግፋቱን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የቀኙ የልብ ክፍል ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ሲወለድ የቀኙና የግራው ቬንትሪክል ግድግዳ ውፍረት ይቀራረባል። ከተወለደ በኋላ ሳንባው በአየር ይሞላል፣ የሳንባ ደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ እትብቱ ይቆረጣል። የቀኙ ጭነት ይቀልለታል፣ የግራው ይከብደዋል። በሳምንታትና በወራት ውስጥ የግራው ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል፤ የቀኙ ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

ይህን የማያውቅ ሰው የ2 ቀን ሕፃን ልብ አይቶ «ቀኙ ወፍሯል፣ የመሃል ግድግዳውም ጠፍጣፋ ነው» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። በሁለተኛው ቀን ይህ ብዙ ጊዜ የተለመደ ነው። በሦስተኛው ወር ያው ምስል ከታየ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ሌላ ነገር እንያዝ። ልብ ከዕድሜ ይልቅ የሚከተለው የሰውነትን መጠን ነው። የቫልቮችና የትልልቅ ደም ሥሮች ስፋት ከሰውነት ገጽ ስፋት ካሬ ሥር ጋር አብሮ ያድጋል። ገጹ አራት እጥፍ ሲሆን የቫልቩ ስፋት ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ከአራስነት እስከ 8 ወይም 9 ዓመት የሚሆነውም በግምት ይኸው ነው።

ደረጃ 1፦ ልጁን መዝኑት፣ ቁመቱንም ለኩ

ፕሮቡን (ደረት ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን ክፍል) ከማንሳታችሁ በፊት ሚዛኑን ፈልጉ። ክብደቱ በዕለቱ ይመዘን፤ ያለ ጫማ፣ ያለ ጃኬት። ሕፃን ከሆነ ያለ ዳይፐር። ከ2 ዓመት በታች ያለው ተጋድሞ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካ። «ባለፈው ወር መዝነነዋል» የሚባለውን አትቀበሉ። በተለይ ሕፃን በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ልጅ ይሆናል።

ከዚያ የሰውነት ገጽ ስፋቱን አስሉ። ከዚህ በኋላ ቢኤስኤ እለዋለሁ። ቀላሉ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የሞስቴለር ቀመር ነው፦

ቁመት በሴንቲ ሜትር × ክብደት በኪሎ፣ ለ3600 አካፍሉ፣ የውጤቱን ካሬ ሥር ውሰዱ።

50 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3.5 ኪሎ ክብደት ያለው አራስ 0.22 ካሬ ሜትር ይሆናል። 130 ሴንቲ ሜትርና 28 ኪሎ የሆነ ልጅ ደግሞ 1 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል።

ለልጆች የበለጠ የሚመረጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የሄይኮክ ቀመር ነው፤ ከትንንሽ ሕፃናት ጀምሮ ስለተፈተነ። እሱን በእጅ ማስላት አድካሚ ስለሆነ ማሽኑ ይሥራላችሁ። ዋናው ነገር ማሽናችሁ የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀም ገብታችሁ ማየት ነው። ብዙ ማሽን ከፋብሪካ ሲመጣ የተሞላለት የአዋቂዎች ቀመር ነው። አንድ ጊዜ ማስተካከል ነው፤ ግን ያንን አንድ ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ ልጁን አረጋጉ

የሚያለቅስ ልጅ ልቡ ይፈጥናል፣ ደረቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሳንባው ምስሉን ይጋርዳል። በዚህ ሁኔታ የተለካ ቁጥር ብዙም አይታመንም።

ጄሉን አሙቁት። ቀዝቃዛ ጄል ደረት ላይ ሲያርፍ እንኳን ሕፃን አዋቂም ይዘላል። ክፍሉን ሞቅና ደብዘዝ አድርጉት። ሕፃኑ ጡት ወይም ጡጦ እየጠባ ቢሆን ግሩም ነው። የ2 እና የ3 ዓመት ልጆች ናቸው አስቸጋሪዎቹ፤ በስልክ ካርቱን ማሳየት ያዋጣል። እናት አልጋው ላይ ትተኛና ልጁን ደረቷ ላይ ትያዘው፤ ለእናንተ ትንሽ ይጠብባችኋል እንጂ ይሠራል። አንዳንዴ ፕሮቡን መጀመሪያ አሻንጉሊቱ ላይ ማድረግ ብቻ በቂ ይሆናል።

ማስተኛ መድኃኒት የመጨረሻ አማራጭ ነው። እሱም የሚሰጠው ሐኪም ወስኖ፣ ክትትል ባለበት ቦታ ነው። መድኃኒቱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚቀይር ከተሰጠ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።

ሦስቱን የኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ የሚቀዳ) ገመዶች አትዝለሉ። ልቡ የቱ ጋ ሞላ፣ የቱ ጋ ተኮማተረ የሚለውን የሚነግራችሁ ያ ቀጭን መስመር ነው።

ደረጃ 3፦ ማሽኑን ለልጅ አስተካክሉ

ለአራስ ከ8 እስከ 12 ሜጋኸርትዝ፣ ለሕፃንና ለትንሽ ልጅ ከ5 እስከ 8፣ ለጎረምሳ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርትዝ የሆነ ፕሮብ ያዙ። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ምስሉ ይጠራል፣ ግን ጥልቅ አይገባም። አራስ ላይ ልቡ ቅርብ ስለሆነ ጥራቱን ምረጡ።

ጥልቀቱን ቀንሱ፣ የምስሉን ማዕዘን አጥብቡ፣ የምትለኩትን ቦታ ዙም አድርጉ። ማዕዘኑ ሲጠብ በሰከንድ የሚያዘው ፍሬም ይበዛል። የአራስ ልብ በደቂቃ 140 ጊዜ ሊመታ ይችላል። ፍሬሙ ትንሽ ከሆነ ልቡ ሙሉ በሙሉ የተኮማተረበትን ቅጽበት ታልፉታላችሁ።

ጌይኑን (ብሩህነቱን) አታብዙት። ሲበዛ ግድግዳው የወፈረ፣ ክፍተቱ የጠበበ ይመስላል። ያማረ ምስልና ለልኬት የሚሆን ምስል ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ ወላጅ ከጠየቀ ይህን በግልጽ ንገሩ። እንዲያም ሆኖ ኃይሉን ከሚያስፈልገው በላይ አታድርጉ፣ ሳያስፈልግም አታራዝሙ።

ደረጃ 4፦ መለካት

ሦስት ሕጎች ለሁሉም ልኬት ይሠራሉ።

አንደኛ፣ ድምፁ የሚመታውን ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ማለትም ቀጥ ብሎ እንዲያገኘው አድርጉ። ማሽኑ በድምፁ አቅጣጫ ያለውን ርቀት ከጎን ወደ ጎን ካለው ርቀት ይበልጥ በትክክል ያያል። የአኦርታ (ከልብ ደም የሚያወጣው ትልቁ ደም ሥር) ቫልቭ ከደረት ጎን በሚወሰደው ረጅም ምስል የሚለካው፣ ከልብ ጫፍ በሚወሰደው የማይለካው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በሦስት ምት ላይ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ሦስተኛ፣ ካሊፐሩን (ምስሉ ላይ ርቀት የሚለካባቸውን ሁለት ምልክቶች) የት እንደምታስቀምጡና በየትኛው ቅጽበት እንደምትለኩ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ሁልጊዜም ያንኑ አድርጉ።

*አኦርታ።* ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ እንበል። ከደረት አጥንቱ ግራ ጎን ረጅሙን ምስል አውጡ። አራት ቦታ ትለካላችሁ፦ የቫልቩን ቀለበት (ቅጠሎቹ የሚታጠፉበት ሥር)፣ ከዚያ በላይ ያለውን የሥሩን እብጠት፣ እብጠቱ አልቆ ቱቦው የሚጀምርበትን ወገብ፣ በመጨረሻም ወደ ላይ የሚወጣውን አኦርታ።

የአሜሪካ የኢኮካርዲዮግራፊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የልጆች መመሪያ መሠረት እነዚህ የሚለኩት ልቡ ሲኮማተር፣ ደም ሥሩ በጣም በሰፋበት ቅጽበት ነው። ካሊፐሩ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአዋቂዎች መመሪያ ግን የአኦርታን ሥር የሚለካው ልቡ ላልቶ በሞላበት ጊዜ ነው፤ ካሊፐሩም ከአንዱ ግድግዳ የፊት ጠርዝ እስከ ሌላው የፊት ጠርዝ ይሄዳል። አዋቂ ሲለካ የቆየ ሰው እጁ ወደለመደው ይሄድበታል። ልጁን በአዋቂ መንገድ ለክቶ ከልጆች ሰንጠረዥ (የጤነኛ ልጆች ልኬት ከተመዘገበበት) ጋር ማወዳደር ደግሞ ጫማ በኢንች ለክቶ በሴንቲ ሜትር እንደ መግዛት ነው።

ሚሊ ሜትሯ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ላሳያችሁ። የአራስ የአኦርታ ቀለበት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ካሊፐሩ በ1 ሚሊ ሜትር ከሳተ ሕፃኑን ከ«መካከለኛ» ወደ «አጠራጣሪ» ያሻግረዋል። 60 ኪሎ የሆነ ጎረምሳ ላይ ያችው 1 ሚሊ ሜትር ብዙም ለውጥ አታመጣም። ትንሽ ልጅ ላይ እጃችሁ ይረጋጋ።

*የግራው ቬንትሪክል።* አጭሩን ምስል አውጡ፤ ልቡ እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ ይታይ። እንደ እንቁላል ከሞለለ ፕሮቡ ተንጋዷል። ክፍሉ ከሁሉ ሰፊ የሆነበትን ቦታ ፈልጉ፤ ትንንሾቹ ላይ በሚትራል ቫልቭ (የግራው ቬንትሪክል መግቢያ) ቅጠሎች ጫፍ፣ ትልልቆቹ ላይ በፓፒላሪ ጡንቻዎቹ (ቫልቩን በክር በሚይዙት) አካባቢ ነው የሚገኘው። በጣም በሞላበት ፍሬም ላይ ስፋቱን፣ የመሃል ግድግዳውንና የኋላ ግድግዳውን ለኩ። ከዚያ በጣም በጠበበበት ፍሬም ላይ ስፋቱን ድገሙ። በመሃል የሚያልፉ ቀጫጭን ክሮችንና በቀኝ በኩል የተለጠፈ ጡንቻን ከግድግዳው ጋር አትቁጠሩ። «ግድግዳው ወፍሯል» የሚባለው ብዙው የሐሰት ማንቂያ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኤም-ሞድ (በአንድ መስመር ላይ ያለውን እንቅስቃሴ በጊዜ የሚቀዳ ስልት) መጠቀምም ይቻላል። ሐኪሙ ኤድለርና የፊዚክስ ባለሙያው ኸርትዝ እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድኗ ሉንድ ከተማ የልብን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ ሲቀዱ ያዩት በመሠረቱ ይኸንኑ ነበር። የመጀመሪያ መሣሪያቸውም ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈለግበት ነበር። የኤም-ሞድ ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ጉዳቱ መስመሩ በመሃል ካላለፈ ስፋቱን የሚያሳስት መሆኑ ነው። እኔ መጀመሪያ ክቡን ምስል አይቼ መስመሩ መሃል መሆኑን ካላረጋገጥኩ አላምነውም።

ከሁለቱ ስፋቶች የመኮማተር መጠኑን ታወጣላችሁ። ሲሞላ 40፣ ሲኮማተር 26 ከሆነ ልዩነቱ 14 ነው፤ ለ40 ሲካፈል 35 በመቶ። ከ28 በመቶ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

ይዘቱን በሚሊ ሊትር ከፈለጋችሁ፣ በአጭሩ ምስል ላይ የክቡን ጠርዝ ዙሩና የገጹን ስፋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ለኩ። ከልብ ጫፍ በሚወሰደው ምስል ርዝመቱን ለኩ። ሁለቱን አባዝታችሁ በ5 አባዙ፣ ለ6 አካፍሉ። 11 ካሬ ሴንቲ ሜትርና 6.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 60 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ይህ ቢኤስኤው 1 ለሆነ ልጅ መልካም ቁጥር ነው። የጡንቻውን ክብደት ለማግኘት በውስጥ ጠርዝ የተሰላውን ይዘት በውጭ ጠርዝ ከተሰላው ቀንሱና በ1.05 አባዙት፤ በግራም ይወጣል።

*የቀሩት።* የሚትራልና የትራይከስፒድ (የቀኙ ቬንትሪክል መግቢያ ቫልቭ) ቀለበት ከልብ ጫፍ በሚወሰደው አራት ክፍል በሚያሳየው ምስል፣ ቫልቮቹ ተከፍተው ደም በሚገባበት ጊዜ ይለካል። የፐልሞናሪ ቫልቭ (ወደ ሳንባ የሚወስደው) ደግሞ ሲኮማተር። የአኦርታ ቅስት ከአንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ይታያል። ልጆች ይህን ቦታ መነካት ስለማይወዱ በመጨረሻ አድርጉት። ኮሮናሪዎቹ (ልብን ራሱን የሚመግቡት ደም ሥሮች) ካስፈለጉ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲና በጠባብ ማዕዘን።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን ወደ ዜድ-ስኮር ቀይሩ

ሚሊ ሜትሩን ዝም ብሎ ለቢኤስኤ ማካፈል የሚቀና መንገድ ይመስላል። ሞክሩት። አራሱ 7 ለ0.22 ሲካፈል 32 ይሆናል። ትልቁ ልጅ 15 ለ1 ሲካፈል 15። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ በዚህ ስሌት ግን አራሱ እጥፍ የሰፋ ቫልቭ ያለው ይመስላል። ካሬ ሥሩን የረሳ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው።

ዜድ-ስኮር ይህን ያስተካክላል። ጥያቄው «ይህ ልጅ በእሱ ልክ ካሉ ጤነኛ ልጆች አማካይ ምን ያህል ርቋል?» የሚል ነው። ከተለካው አማካዩን ትቀንሱና በስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ጤነኛ ልጆች ከአማካዩ በተለምዶ በሚርቁበት መጠን) ታካፍላላችሁ። ዜሮ ማለት ልክ መሃሉ ነው። ከጤነኛ ልጆች 95 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በ−2 እና በ+2 መካከል ይገኛሉ።

አንድ ልጅ እንውሰድ። ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 13 ኪሎ። ቢኤስኤው 0.57 ነው። የሚጠበቀው የአኦርታ ቀለበት 11.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1 ገደማ ነው። የተለካው 13 ከሆነ ዜድ-ስኮሩ +1.7 ይሆናል፤ ደህና ነው፣ ግን ድንበሩ አጠገብ ስለሆነ የሚከታተለው ሰው ያስፈልጋል።

አሁን ክብደቱ ከታላቅ ወንድሙ ካርድ ተገልብጦ 18 ተብሎ ተጻፈ እንበል። ቢኤስኤው 0.67 ይሆናል፣ የሚጠበቀውም 12.3። ያው 13 ሚሊ ሜትር ወደ +0.7 ይወርዳል። ካሊፐሩ ቅንጣት አልሳተም፣ ልጁ ግን ከክትትል ወጣ።

ሰንጠረዡን በተመለከተ፣ የቦስተኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የዲትሮይቱ እና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፔዲያትሪክ ኸርት ኔትወርክ በብዛት ይሠራባቸዋል። አንዱ ከሌላው ትንሽ ትንሽ ይለያል። አንዱን መርጣችሁ ያዙ። ዘንድሮ በአንዱ፣ ከርሞ በሌላው ከሆነ ልጁ ሳያድግ ያደገ፣ አድጎም የቆመ ሊመስላችሁ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን አንብቡ

20 ነገር ከለካችሁ፣ ሙሉ ጤነኛ ልጅ ላይ እንኳ አንዱ በዕድል ብቻ ከ±2 ውጭ ሊወጣ ይችላል። ብቻውን የወጣ +2.1 ካያችሁ መጀመሪያ ደግማችሁ ለኩ። ከዚያ ጎረቤቶቹን እዩ። ቬንትሪክሉ ሰፍቶ የሚትራል ቀለበቱም ከሰፋ ታሪኩ ይገጥማል። ቬንትሪክሉ ብቻውን ሰፍቶ ሌላው ሁሉ መሃል ላይ ከሆነ ካሊፐሩን ጠርጥሩ። የደም ማነስ ያለበት ልጅ ልቡ ሰፋ ብሎ፣ በተቅማጥ ፈሳሽ ያጣ ልጅ ደግሞ ጠበብ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በልብ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ልጁን እዩት።

ኮሮናሪዎች ላይ ድንበሩ የራሱ ነው። በካዋሳኪ በሽታ (የደም ሥሮችን የሚያስቆጣ የልጆች ሕመም) ዜድ-ስኮሩ ከ2 እስከ 2.5 ያለው መስፋት ይባላል፣ 2.5 እና ከዚያ በላይ አኑሪዝም (የደም ሥር ፊኛ መሰል እብጠት)፣ 10 ሲደርስ ግዙፍ አኑሪዝም።

ውፍረት ያለበት ልጅ ሲመጣ ተጠንቀቁ። ስቡ ቢኤስኤውን ያሳድገዋል፣ የሚጠበቀው የደም ሥር ስፋትም አብሮ ያድጋል። በእውነት የሰፋ አኦርታ «ደህና ነው» ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ላለው ልጅ በቁመት ብቻ የተሠራ ሰንጠረዥንም አመሳክሩ። በጣም የከሳ ልጅ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ጤነኛው ልብ የሰፋ ይመስላል።

እድገት ግን በአንድ ምርመራ አይታወቅም። ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል። ቢኤስኤው 0.8 እያለ ቀለበቱ 13.4 የነበረ ልጅ፣ ቢኤስኤው 1 ሲደርስ 15 ቢሆን ዜድ-ስኮሩ ዜሮ ነበር፣ አሁንም ዜሮ ነው። ቫልቩ ከልጁ ጋር እኩል አድጓል። ያው ልጅ 13.4 ላይ ቆሞ ቢገኝ ግን ወደ −1.2 ወርዷል። ቁጥሩ አሁንም «በደህናው ክልል» ውስጥ ነው፤ አቅጣጫው ግን ጥያቄ ያስነሳል። እኔ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ የድሮውን ምስል ከፍቼ በራሴ እጅ እለካዋለሁ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ከልብ ሳይሆን ከሁለት ሰዎች እጅ የመጣ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ደረጃ 7፦ ሪፖርቱን ጻፉ

«የልብ መጠን ኖርማል» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ሰው ምንም አይነግረውም። ክብደትና ቁመት፣ የቢኤስኤ ቀመሩ፣ የሰንጠረዡ ስም፣ እያንዳንዱ ልኬት በሚሊ ሜትርና በዜድ-ስኮር ይጻፍ። ልጁ ተኝቶ ነበር፣ እያለቀሰ ነበር ወይስ ማስተኛ ወስዶ ነበር የሚለውም ይግባ። ለምሳሌ፦

«ክብደት 13 ኪሎ፣ ቁመት 90 ሴንቲ ሜትር፣ ቢኤስኤ 0.57 በሞስቴለር። የአኦርታ ቀለበት 13 ሚሊ ሜትር፣ ሲኮማተር፣ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ፣ የ3 ምት አማካይ፣ ዜድ +1.7። ልጁ ነቅቶ፣ ተረጋግቶ።»

ምስሎቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አስቀምጡ፦ አንዱ ካሊፐሩ እንዳለበት፣ ሌላው ባዶውን። ከዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ካሊፐራችሁ የት እንደነበረ ያያል፣ ካልተስማማም በባዶው ምስል ላይ እንደገና ይለካዋል።